ከአዝማሪ ቤት እስከ ስታዲየም፦ የባሕር ዳር የሙዚቃ ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት አውቶቡሶች አዲስ አበባን የሚለቁት ጎሕ ሳይቀድ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ቀኑን ይፈጃል፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የትኛውንም ቲኬት ከመቁረጥ በፊት በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር ማጣራት ግድ ይላል፦ መንገዱ ክፍት መሆኑንና ባሕር ዳር ላይ የሰዓት እላፊ መኖር አለመኖሩን። በክልሉ የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ሁለቱም በአጭር ጊዜ ይለዋወጣሉ። የሰዓት እላፊ ባለበት ሳምንት የማታው ሙዚቃ ወደ ቀን ይገፋል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል።

ሙዚቃ ወዳዶች የተሰበሰቡበት አውቶቡስ ጫንጮ ሳይደርስ ወሬው ኮንሰርት ይሆናል። በዕድሜ ገፋ ያሉት የሚያነሡት የደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖችን ነው፦ የጎጃሙን ጊሽ ዓባይ፣ የጎንደሩን ፋሲለደስ፣ የወሎውን ላሊበላ። ወጣቶቹ ደግሞ ከጥር 2010 ዓ.ም. ይጀምራሉ፤ ቴዲ አፍሮ ለተደጋጋሚ ጊዜ የኮንሰርት ፈቃድ ካጣ በኋላ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ባሕር ዳር ስታዲየም ከዘፈነበት ቀን።

እንዲህ ስላሉት ትልልቅ ኮንሰርቶች የሚነገረው ትዝታ እርስ በርሱ አይገጥምም። አንዱ «ድምፁ እንደ ካሴት ጥርት ያለ ነበር» ይላል፤ ሌላው «ከበሮውና ድምፃዊው ለየብቻ ነበር የሚመጡት» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ድምፃዊው አፉን ከከፈተ 0.3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነው የሚሰማው። ሕዝቡ ሲቀበል ደግሞ የኋለኛው ድምፅ ተመልሶ ፊት እስኪደርስ ሌላ 0.3 ሰከንድ ይጨመራል። ፊት የነበረ ሰው «ሕዝቡ ዘፈኑን ጎተተው» የሚለው ለዚህ ነው፤ ማንም አልጎተተም፣ ርቀቱ ነው የጎተተው። ስለዚህ የኮንሰርት ትዝታ ሲነሣ «እንዴት ነበር?» ከማለት በፊት «የት ቆመህ ነበር?» ማለት ይቀድማል። የዚህ ጉዞ አካሄድም በዚሁ ጥያቄ የተቃኘ ነው፤ ከትንሿ ክፍል ተጀምሮ ወደ ሰፊው ሜዳ ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሻገራል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። የአየሩ ግፊት በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም ማስቲካ ማኘክ ይከፍተዋል። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ጆሮው እስከ ማግሥቱ ደፈን ሊልበት ስለሚችል፣ ለሙዚቃ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ሳይሻለው ባይነሣ ይመከራል።

ባሕር ዳር ሲደረስ ከመናኸሪያ ወደ ማረፊያ በባጃጅ ነው፤ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይነገራል። የሐሙስ ማታ ዕንቅልፍ ነው።

ዓርብ

ቀኑ ለመሰንቆው ነው። መሰንቆን ከመድረክ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሹን አያውቅም። ከተማው ውስጥ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል በኩል የባህል ተጫዋቾችን ማግኘት ይቻላል፤ ቀን ላይ፣ ልምምድ በሌለበት ሰዓት፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ ሄዶ በትሕትና ከጠየቁ መሣሪያውን የሚያሳይ አይጠፋም።

ቀረብ ብለው ሲያዩት መሰንቆ አራት ማዕዘን የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሁለት ወገኑ ቆዳ ለብሷል፣ መሀሉን ረጅም አንገት ያልፍበታል። አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ እሱም የተጎነጎነ ሳይሆን ጎን ለጎን የተሰበሰበ የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ እንዲሁ ቢሄድ ይንሸራተታል እንጂ አይጮኽም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በየጊዜው እጣን ያሸዋል። እጣኑ ሲያንስ ድምፁ ይሰልላል፣ ሲበዛ ያንቋርራል። የግራ እጅ ጣቶች ጭራውን ከአንገቱ ጋር አያጣብቁትም፤ ከጎን ይነኩታል፣ ጅማቱ አየር ላይ እንዳለ ነው። ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ የሚያለቅሰውና ከአንዱ ቃና ወደ ሌላው የሚንሸራተተው ከዚህ የተነሣ ነው።

ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው። ሐይቅ ዳር፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቆዳው እርጥበት ይስብና ይላላል፤ ድምፁ ይወርዳል። ከበሮም እንደዚሁ። ተጫዋቾች ቀን ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፣ ማታ ደግሞ ከእሳት ወይም ከሞቀ አምፖል አጠገብ ያቆዩታል። ይህን ማወቅ ቅዳሜ ማታ ይጠቅማል።

መሰንቆውን የያዘውን ሰው የትዝታን ቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚቆምበትን የድምፆች አደራደር፣ በሁለቱም መልክ እንዲያሰማ መለመን ተገቢ ነው። የመጀመሪያው፣ ሜጀር የሚባለው፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። በሁለተኛው፣ ማይነር በሚባለው፣ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ ሌላው እንዳለ ነው። እነዚያ ሁለት ድምፆች ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ከናፍቆት ወደ ሐዘን ይሄዳል። ከዚያ የቀሩትን ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬን፣ በተከታታይ መስማት ነው። ግማሽ ሰዓት በዚህ የሠራ ጆሮ ማግሥቱን ኪቦርድ ከነባንዱ ሲነሣ ዘፈኑ በየትኛው ቅኝት እንደቆመ ለመለየት አይቸገርም።

ማታ አዝማሪ ቤት። ቤቶቹ ስምና ቦታ ይቀያይራሉ፤ የዚያን ሰሞን ደህና ተጫዋች የት እንዳለ የሚያውቁት የባጃጅ ሾፌሮችና የሆቴል ዘበኞች ናቸው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገብቶ ቦታ መያዝ፤ ሞቅ የሚለው ወደ 5 ሰዓት ግድም ነው። ብዙዎቹ ቤቶች አሁን ስፒከር ስላስገቡ ከስፒከሩ ፊት ለፊት መቀመጥ መሰንቆውን ያሳጣል። የሚሻለው ክፍሉ መሀል ወይም ከግድግዳው አጠገብ ያለው ዱካ ነው፤ ባለመሰንቆው እየዞረ ሲመጣ በአንድ ክንድ ርቀት ይሰማል። በር አጠገብ ያለው ቦታ የመጨረሻው ነው፤ ገቢና ወጪው ግጥሙን ይቆርጠዋል።

የአዝማሪ ቤት ሙዚቃ አድማጩ ሳይገባበት አይሟላም። ግጥም የሚሰጥ ሰው «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው «እሺ!» ይላል፤ ከዚያ አንድ ስንኝ ብቻ ይነገራል። አዝማሪው በዜማ እስኪመልሰው ይጠበቃል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ስንኝ። በጣም የሚመቸው ወል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይቆማል። ለምሳሌ ለባሕር ዳር ምሽት እንዲህ ያለ ይሆናል፦

ጣና ሆድ ተኝቶ ዝም ያለ ሰው መስሎ፣
ዓባይነቱ ታየ ከደጅ ወጥቶ ውሎ።

ሰሙ ሐይቁን ሰንጥቆ የሚወጣው ወንዝ ነው፤ ወርቁ ቤት ውስጥ ጨዋ፣ ደጅ ሲወጣ ግን ዋሾ የሆነ ወዳጅ። አዝማሪው ወርቁን ከያዘው ፈገግ ብሎ ሁለተኛውን ስንኝ ይደግመዋል፤ የግጥም ሰጪ ሽልማቱ ያ ነው።

ግጥም የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ይታወቃሉ። ስንኙ ይረዝማል፤ አዝማሪው ዜማው ውስጥ ሊያስገባው ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ወይም አራት ስንኝ በአንድ ጊዜ ይነገራል፤ ሁለቱ ይረሳሉ። ወይም ቤቱ አይመታም፦ የመጨረሻው ፊደል ካልገጠመ አዝማሪው ራሱ ያቃናዋል፣ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል። በማያውቁት ሰው ላይ፣ በተለይ አጠገቡ በተቀመጠችው ሴት ላይ፣ ግጥም መስጠት ጠብ ያመጣል። ብሔርና ፖለቲካም እንዲሁ፤ የሚያመልጠው ግጥም ሰጪው ነው፣ ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ዘፋኙ ነው፤ ይህ ግፍ ነው።

ሽልማት ግንባር ላይ ይለጠፋል ወይም በእጅ ይሰጣል። ዝርዝር ብር ቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል፤ ባለመሰንቆው ፊት ቆሞ መልስ መጠየቅ ነውር ነው። ጊዜው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው፤ መሀል ላይ ሲሰጥ ምስጋናው ግጥሙን ያቋርጠዋል። ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ ጣፋጭነቱ ያታልላል፤ ከእያንዳንዱ ብርሌ ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ማግሥቱን ያድናል። የመመለሻውን ባጃጅ ሲገቡ መቅጠር ነው፣ ሲወጡ አይደለም።

ቅዳሜ

የኮንሰርቱ ቀን። ጠዋቱን ሐይቅ ዳር በእግር መንሸራሸር በቂ ነው። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ጥብስ ለምሳ ይበላል። ጣና ውስጥ መዋኘት ግን አይመከርም፤ ቢልሃርዚያ አለበት።

ከሰዓት በኋላ ማየት ያለበት ነፋሱን ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ቀን ላይ መሬቱ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማ ይነፍሳል፤ ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ይገለበጣል። ይህ ለአድማጭ ትልቅ ነገር ነው። ነፋስ ከመድረኩ ወደ ሕዝቡ ሲነፍስ ድምፁን ወደ መሬት ያጎነብሰዋል፣ ኋላ ያለውም ይሰማል። ከሕዝቡ ወደ መድረኩ ሲነፍስ ድምፁን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ኋላ የቆሙት «ድምፁ መጣ ሄደ» የሚሉት ያኔ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለመሬቱ የቀረበው አየር ከላይኛው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ታች ይታጠፋል፣ ርቆም ይሰማል። ከሰዓት የተጀመረ ኮንሰርት ማታ ላይ «እየተስተካከለ መጣ» የሚባለው ሁልጊዜ የባለሙያው ሥራ ብቻ አይደለም፤ አየሩም ረድቶታል። መድረኩ ወዴት እንደዞረ አይቶ ለነፋሱ የሚመች ጎን መምረጥ ይቻላል፤ ጣት አርጥቦ ወደ ላይ ማንሣት ለዚህ በቂ መሣሪያ ነው።

የት ይቆማል? ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ሥር፣ ድምፃዊውን ለማየት እንጂ ለመስማት ጥሩ አይደለም። ባስ ስፒከሮቹ መሬት ላይ ተደርድረው ደረት ይመታሉ፤ የድምፃዊውን ድምፅ የሚያወጡት የተሰቀሉት ስፒከሮች ደግሞ ከአናት በላይ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚልኩት። ጥሩው ቦታ ሚክሰሩ ያለበት አካባቢ ነው። ድምፁን የሚያመጣጥነው ባለሙያ እዚያ ቆሞ በራሱ ጆሮ ስለሚያስተካክል፣ ከእሱ ጥቂት ሜትር ፊት ወይም ኋላ የቆመ ሰው እሱ የሚሰማውን ይሰማል። ከመሀል ወደ ጎን በራቁ ቁጥር የአንዱ ወገን ስፒከር ብቻ ይቀራል። ሜዳው መሀል ላይ ተጨማሪ የስፒከር ማማ ካለ ከፊቱ፣ በመድረኩና በማማው መካከል፣ መቆም ይሻላል፤ ከኋላው የቆመ የማማውንና የመድረኩን ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል፣ ጊዜያቸው በትክክል ካልተገጣጠመ ሁሉም ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል። ብዙ ሰው «ኢኮ በዛበት» ሲል የሚያወራው ስለዚህ ነው።

ጆሮ ይጠበቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ የመዝናኛ ቦታ ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ከስፒከር አጠገብ ይህ በቀላሉ ይታለፋል። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ በጣቶች ተጠቅልሎ ይቀጥናል፤ በሌላው እጅ ጆሮ ወደ ላይ ሳብ ተደርጎ ይገባል፤ እስኪሰፋ 30 ሰከንድ በጣት ተደግፎ ይያዛል። ሳይጠቀለል የገባ መድፈኛ ወድቆ ይጠፋል፣ ምንም አልከለከለም። ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ከሜዳው ጠርዝ መራቅ የለበትም።

በመድረኩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመሰንቆው ድምፅ ነው፣ የሚያሳዝነውም እሱ ነው፤ የዘፈኑ ሥር እሱ ስለሆነ። ሣጥኑ ባዶና ቆዳ የለበሰ በመሆኑ ከሞኒተሩ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ ራሳቸውን ከሚሰሙበት ስፒከር፣ የሚመጣውን ድምፅ ራሱ ተቀብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ተመልሶ ወደ ማይኩ ይገባና ያፏጫል። ባለሙያው ፉጨቱን ለማጥፋት መሰንቆውን ዝቅ ያደርገዋል፣ መሰንቆውም ከኪቦርዱ ሥር ይቀበራል። መፍትሔው ሞኒተሩን ከሣጥኑ ፊት ማዞርና ማይኩን አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ማስጠጋት ነው፤ ሳውንድ ቼክ፣ ከኮንሰርቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ፣ ተዘልሎ ከተጀመረ ግን ለዚህ ጊዜ አይገኝም። ሁለተኛው ችግር ዓርብ የታየው ነው፦ መሰንቆው ከመድረክ ኋላ ብርድ ላይ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲወጣ ቆዳው ላልቶ ቅኝቱ ወርዷል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ፈቀቅ አይልም። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ እያንጎራጎረ መቃኛውን ሲያዞር የሚያይ ሕዝብ አንዳንዴ ያፏጭበታል። ያ ሰው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጭብጨባ ይገባዋል።

ቀጥታ የሚዘፍነውን በቅጂ ከሚዘፍነው ለመለየት ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር ማዳመጥ ነው። ድምፁ አብሮ ከዞረ ቀጥታ ነው፤ ማይኩ ርቆም ድምፁ ካልቀነሰ ቅጂ ነው። ዕድሜ የተጫነው ድምፃዊ ዘፈኑን ከአልበሙ ዝቅ አድርጎ ቢጫወተው ማጭበርበር አይደለም፤ ባንዱ ሁሉ አብሮት ወርዷል፣ ያም ልምምድ ይጠይቃል።

ስልክ ዘፈኑን ሁሉ አይቅዳ። ከስፒከር አጠገብ የስልክ ማይክ ከአቅሙ በላይ ስለሚቀበል ቅጂው የተቀደደ ይሆናል። ከሚክሰሩ አካባቢ አንድ ደቂቃ መቅዳት ከፊት ከተቀዳ አንድ ሰዓት ይበልጣል። አሥር ሺዎች በተሰበሰቡበት ሜዳ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ የመገናኛ ቦታ ሲገቡ በአፍ ይነገራል፦ «ከበሩ በስተቀኝ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር» ተብሎ። የጥር ሌሊት በባሕር ዳር ይበርዳል፤ ቀን ላይ በሸሚዝ የገባ ሰው ማታ ጋቢ ይፈልጋል። የወባ ትንኝ ስለማይጠፋም እጅጌው ረጅም ቢሆን ይሻላል።

እሑድ

ማታ ያመሸ ሰው ቢከብደውም ጀልባው ጠዋት ቢነሣ ነው ጥሩው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ይናወጣል። እስከ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩ ከመሳፈር በፊት ይታያል። ሴቶች ያሉበት ቡድን ቀድሞ ይወቅ፦ በደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ደን ውስጥ በእግር ነው።

ቀኑ ከንግሥ በዓል ጋር ከገጠመ፣ ለምሳሌ ጥር 18 ሰባር ጊዮርጊስ ወይም ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ላይ ከዋለ፣ ማሕሌት ይሰማል። ማሕሌት ግን ሌሊት ስለሚቆም ለእሱ ብሎ የሚሄድ ሰው ዋዜማውን እዚያው አካባቢ ማደር አለበት። ይህ ኮንሰርት አይደለም፤ ጸሎት ነው። ነጠላ ይለበሳል፣ ጫማ ይወልቃል፣ አድማጭ አያጨበጭብም፣ ያለ ፈቃድ አይቀዳም።

በክቡ ቤተ ክርስቲያን የውጭኛው ዙር ቅኔ ማሕሌት ይባላል፤ ሊቃውንቱ የሚቆሙት እዚያ ነው። አድማጭ በየጾታው ወገን፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ይቆማል። ዜማው በደረጃ ያድጋል፦ ቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ነው፤ ዝማሜ ላይ መቋሚያ ይወዛወዛል፤ መረግድ ላይ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ጽፋት ላይ የሊቃውንቱ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ትውፊቱ ከ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያይዛቸው ሦስቱ ዜማዎች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ ከዓለማዊ ዘፈን ቅኝቶች ተለይተው በራሳቸው ስም የሚጠሩ ናቸው፤ ዓርብ የተማረ ጆሮ ያወዳድራቸዋል። ክቡ ግድግዳ ድምፁን ዙሪያውን ይዞት ስለሚሄድ፣ ከሊቃውንቱ በተቃራኒ ወገን የቆመ ሰው ከበሮውን ከግራም ከቀኝም ይሰማዋል። ስፒከር በማያውቀው ሕንፃ ውስጥ ይህን መስማት ከቅዳሜው ሜዳ ቀጥሎ ሲመጣ ልዩ ነው።

ሰኞ

አውቶቡሱ እንደ መምጫው ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ቀኑ ረጅም ስለሆነ ትዝታ ለመጻፍ ይመቻል፤ ሳምንት ካለፈ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ይደባለቃል። የሚጻፈው ቀኑ በዓ.ም.ም በእ.ኤ.አ.ም፣ ቦታው፣ ከመድረኩ የነበረው ርቀት በግምት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የባንዱ አባላት በየመሣሪያቸው፣ የተዘፈኑት ዘፈኖች በተራ፣ ድምፅ የተቋረጠበት ሰዓትና ምክንያቱ ነው። ከሜዳው የተለያየ ቦታ የቀዱ ሰዎች ቅጂዎቻቸውን ይለዋወጡ፤ የእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ የቆሙበት ቦታ ይጻፍ። የአዝማሪ ቤት ቅጂ ግን የግጥም ሰጪዎችን ድምፅና ስም ስለያዘ፣ ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ከቡድኑ ውጭ አይላክ።